ስለ ባለዘንጉ የቡና ማሽን

በአሮጌ ቡና ቤቶች ባንኮኒ ላይ ረጅም ዘንጉን ወደ ላይ ቀስሮ የሚቆመውን የጣሊያን ቡና ማሽን ያዩ ሰዎች፣ ቀጂው ዘንጉን ወደ ታች ሲስብ ተመልክተው፣ ቡናውን የሚጨምቀው የክንዱ ጉልበት ነው ብለው በቁርጥ ይናገራሉ። እኔም ከአንድ የተዘጋ ቡና ቤት ባለአንድ ራስ የሆነ አሮጌ ማሽን ገዝቼ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ቤቴ ባመጣሁበት ቀን፣ ዕቃውን ያወረዱልኝ ወጣቶች «ጋሼ፣ ለዚህማ ጡንቻ ያስፈልግዎታል» ብለው ሲሥቁ፣ ስሕተቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን አስተዋልኩ።

ነገሩ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ዘንጉ ወደ ታች ሲወርድ በማሽኑ ራስ ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ላይ ይወጣል፣ በላዩ የተቀመጠውም ወፍራም ሞላ ይታመቃል፤ ፒስተኑ ከፍ ሲል የውኃው መግቢያ ቀዳዳ ይገለጥና፣ የጋለው ውኃ በማሽኑ የውኃ ማፍያ ጋን የእንፋሎት ግፊት ብቻ፣ ማለት በ1 ባር ገደማ፣ ወደ ቡናው ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ዘንጉን ይዞ አምስት ስድስት ሰከንድ ይጠብቃል እንጂ የሚጨምቀው ነገር የለም። ዘንጉን ቀስ አድርጎ መመለስ ሲጀምር ግን፣ ሞላው የተቀበለውን ኃይል እንደ ታማኝ ባለአደራ ይከፍላል፤ እንግዲህ ቡናው የሚጨመቀው ዘንጉ ሲወርድ ሳይሆን ሲወጣ ነው፣ የሚጨምቀውም ሰው ሳይሆን ሞላ ነው። በዚህ ማሽን ፊት የሚያስፈልገው ጡንቻ ሳይሆን ትዕግሥት ነው ብዬ ለእንግዶቼ ስናገር ግን፣ ብዙዎቹ በትሕትና አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ወዲያው ደግሞ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ።

ይህንም አብዝቼ የምናገረው በከንቱ አይደለም፤ የቡናው ጣዕም ምሥጢር ያለው እዚሁ ላይ ነውና። ሞላው ሲጀምር በ8 ወይም በ9 ባር ይጫናል፤ እየተዘረጋ በሄደ መጠን ግን ኃይሉ እየላላ ይመጣል፤ ስለዚህም ከቡናው ጣፋጩ ወጥቶ መራራው ሊከተል በሚቃረብበት በመጨረሻው ሰዓት፣ ማንም ሳያዝዘው እጁን አለዝቦ ይጨርሳል። በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራው የተለመደው ማሽን ግን ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይነት ግፊት ይነዳል። ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሸጡ ማሽኖች ይህንኑ የግፊት መላላት በኮምፒውተር ለማስመሰል ሲደክሙ ሳይ፣ አንዲት ጥምዝ ብረት ያለ አንዳች አእምሮ የምታደርገው መሆኑን እያሰብኩ ሥቄአለሁ።

ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 በስሙ ያስመዘገበው የቀድሞው ማሽን ቡናውን በእንፋሎት ግፊት ብቻ ያወጣ ስለ ነበረ፣ የሚገኘው ቡና የተቃጠለ ጣዕም የማይለየው፣ አረፋም የሌለው ነበር። የሚላኑ ባለ ቡና ቤት አኪሌ ጋጃ እ.ኤ.አ. በ1938 ያለ እንፋሎት ቡና የሚወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በኋላ ባለሞላውን ማሽን ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ጠጪዎች በስኒው ላይ ያልለመዱትን ወርቃማ አረፋ አዩ። ዛሬ ያለ እርሱ ኤስፕሬሶን የሚያስብ የለም፣ ያ አረፋ የሞላ ልጅ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ቡናውን መፍጨት፣ መጠቅጠቅና መግጠም ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አልፈዋለሁ። አንድ ተግሣጽ ብቻ ላክል፤ ቡና ሳይኖርበት ዘንጉን ስቦ መልቀቅ ክልክል ነው፤ ሞላው የሚገታው ሳያገኝ ዘንጉን ወደ ላይ ሲወረውረው አገጭ የሚሰብር ኃይል አለውና። ሸካራ ሆኖ የተፈጨ ቡናም ከባዶ አይሻልም፤ አክስቴ «የፈረንጅ ጀበናህን ልፈትነው» ብላ በሙቀጫ የወቀጠችውን ያመጣች ቀን፣ ውኃው በሸካራው መካከል ሾልኮ አለቀ፣ ዘንጉም ከእጄ አምልጦ የግድግዳውን መደርደሪያ መታ። አክስቴ አማተበችና «ልጄ፣ ይኸ ዕቃ ጠበል ያስፈልገዋል» አለች።

ማሽኑን ከቤቱ ቧንቧ ጋር ማገናኘት ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነብኝ። ቧንቧ ሠራተኛው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ መስመር ስቦ፣ ማጣሪያና ሩቢኔት ገጥሞ፣ ማታ ጋኑን ሞላልኝ፤ የውኃው ልክ በመስተዋቱ ቱቦ ላይ ደምቆ ታየ። ጠዋት ማሽኑ ግሎ ሁለት ስኒ ካወጣሁ በኋላ ውኃ ልጨምር ሩቢኔቱን ብከፍት፣ ልኩ በመጨመር ፋንታ ይቀንስ ጀመር። እጄን ማጣሪያው ላይ ባሳርፍ ትኩስ ነው! ቧንቧ ሠራተኛውም ተጠርቶ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ሲል ፈረደ።

ማሽኑ ግን ንጹሕ ነበረ። ውኃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው፤ የእኔ ሮቶ ከማሽኑ በላይ 6 ሜትር ብቻ ስለ ነበረ፣ ከ0.6 ባር የማይበልጥ ግፊት ይዞ 1 ባር እንፋሎት ወዳለበት ጋን እንዴት ይገባል? ማታ የገባው ጋኑ ቀዝቃዛ ስለ ነበረ ነው፤ ጠዋት ግን ብርቱው ደካማውን ገፍቶ ወደ ኋላ መለሰው። ትንሽ ፓምፕ፣ ግፊቱን በ2 ባር ላይ የሚወስን መቆጣጠሪያ፣ ውኃውንም ወደ ኋላ የማያስመልስ ቼክ ቫልቭ ሲገጠምለት ጸጥ አለ። የፍሳሹ ቱቦ ደግሞ ከማሽኑ እስከ መውረጃው ድረስ ያለ ማቋረጥ ቁልቁል መሄድ አለበት፤ አንድ ቦታ ጎበጥ ካለ አተላው እዚያው ይተኛል።

በዚያው ሰሞን የጋኑ መለኪያም ለከተማችን የሚናገረው ሌላ ቋንቋ እንዳለው ተረዳሁ። መለኪያው የሚቆጥረው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነውና፣ በባሕር ዳርቻ 1 ባር ሲል በጋኑ ያለው ውኃ 120 ዲግሪ ይሆናል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያው 1 ባር 116 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከጣሊያን መጽሐፍ ቁጥር ገልብጦ ቡናው ኮመጠጠ የሚል ሰው፣ ማሽኑን ከመውቀሱ በፊት ግፊቱን ጥቂት ከፍ ያድርገው።

ባለፈው ሳምንት ማለዳ መብራት ሲጠፋ፣ ጎረቤቴ አዲሱን ባለፓምፕ ማሽኑን ትቶ በሬን አንኳኳ። በመጀመሪያ ማብሪያውን አጠፋሁ፤ መብራት በድንገት ሲመለስ ውኃው ከማሞቂያው በታች ወርዶ ቢያገኘው ማሞቂያው ይቃጠላልና። ጋኑ ገና ትኩስ ስለ ነበረ ዘንጉን ሳብኩ፣ ስድስት ሰከንድ ቆጠርኩ፣ ለቀቅኩም። ጎረቤቴ ሁለተኛውን ስኒ ሲጠይቅ የመስተዋቱን ቱቦ ተመለከትኩ፤ የመስመሩ ፓምፕም ያለ መብራት ስለማይሠራ፣ ውኃው ዝቅተኛውን ልክ የሚያሳየውን ቀይ ምልክት ሊነካ አንድ ጣት ቀርቶታል።