ከእንጉዳይ ወገን ስለ ወጣ መድኃኒትና ሰውነት በራሱ ላይ ስለሚነሣበት ደዌ

በሰው ደም ውስጥ ያሉ ነጫጭ ሕዋሳት ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኛው ጌታውን እንደ ጠላት ቈጥሮ ይነሣበታል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ደዌ ከዚህ ወገን ነው።

በጃፓን አገር ፕሮፌሰር ቴትሱሮ ፉጂታና ባልደረቦቻቸው፥ ሲካዳ በሚባል ነፍሳት ዕጭ ላይ ከሚበቅል የእንጉዳይ ዘመድ፥ ይህን ኃይል የሚገታ ነገር ማግኘታቸውን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1994 ዓ.ም. ገለጡ። መርዝነቱ ብርቱ ስለ ነበረ ግን እንዳለ ለሰው አልተሰጠም፤ ቅርጹን ለውጠው ፊንጎሊሞድ የተባለውን መድኃኒት ሠሩ። ይህም ዘበኞቹን በንፍፊት ውስጥ ያግዳቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። የአሜሪካ መንግሥት በዚያው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ለዚሁ ደዌ እንዲሰጥ ፈቀደ።

ስለዚህ አገረ ገዥዎች፥ ባላባቶችና የወረዳ ሹማምንት ሆይ፥ ለሕዝቡ ሦስት ነገር አስረዱ። መጀመሪያ፥ መድኃኒቱ ከሐኪም እጅ እንጂ ከዱር እንጉዳይ አይገኝም። ሁለተኛ፥ «የሰውነትን መከላከያ ያበረታል» ተብሎ የሚሸጥ የእንጉዳይ ዱቄት እንዲህ ያለውን በሽተኛ ሊጎዳው ይችላል፤ ላመፀ ዘበኛ ጦር አይጨመርለትምና። ሦስተኛ፥ የአንዳንዱ የጅብ ጥላ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙም ከብዙ ሰዓት በኋላ ስለሚገለጥ፥ የበላ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።