አሮጌ አውቶሞቢልና የቤተሰብ ጥሪት፦ ከካርቱም የሚቀሰም ትምህርት

ለብዙ ቤተሰብ አሮጌ አውቶሞቢል መግዛት ማለት የብዙ ዓመት ቁጠባን በአንድ ቀን ቆጥሮ ማስረከብ ነው። ስለሆነም ጥያቄው «መኪናው በስንት ይሸጣል?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ከተገዛ በኋላስ ስንት ያስወጣል?» የሚለውም ጭምር ሊሆን ይገባል። በዚህ ረገድ የጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም መልካም አስተማሪ ናት።

ካርቱም አሮጌ መኪናን ጠግኖ በማቆየት የታወቀች ናት። የእንግሊዙ ሂልማን፣ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ከገበያ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላም ቢጫ ቀለም ተቀብቶ በታክሲነት ሲያገለግልባት ቆይቷል። የጃፓኑ ቶዮታ ኮሮናም እንዲሁ። ይሁን እንጂ የአገሩ አየር ለብረትም ሆነ ለላስቲክ ምሕረት የለውም። በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው፤ «ሃቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበልም ቀኑን ያጨልመዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ሕመም የሞተር መጋል ነው። ጤናማ የራዲያተር ክዳን ውኃውን በግፊት ስለሚይዘው፣ በ100 ዲግሪ መፍላት የነበረበት ውኃ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ግን ውኃው ቀድሞ ይፈላል፤ ራዲያተሩም ይጎድላል። ባለቤቱ ክዳን በመለወጥ ፋንታ በየመንገዱ ውኃ እየጨመረ ሲጓዝ፣ በመጨረሻ ቴስታታው ይጣመምና ጋስኬቱ ይቃጠላል። ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ የውኃ ጎማና ቺንጋ ከመለዋወጫዎች ሁሉ ርካሾቹ ናቸው። ቴስታታ አውርዶ፣ ቶርኖ ቤት አስተካክሎ መልሶ መግጠም ግን የእነዚያን ሁሉ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው። መፍትሔ መስሏቸው ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉም አሉ። ይህ ሞተሩ ተገቢ ሙቀቱን እንዳያገኝና ቤንዚን እንዲያባክን ያደርገዋል እንጂ የተደፈነውን ራዲያተር አይከፍተውም።

ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። የአየር ፊልትሮው ሲቀደድ ወይም በደንብ ሳይገጠም ሲቀር፣ ደቃቁ አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ የፒስተን ፋሻዎችን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት እየጠጣ ሰማያዊ ጢስ ይተፋል። የአንድ ፊልትሮ ዋጋ የሸሸ ባለቤት ሞተር ሙሉ ለሙሉ የማሳደስ ዕዳ ይወድቅበታል። ሙቀቱም በበኩሉ የባትሪውን ውኃ እያተነነ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ጎማውንም ይሰነጥቃል።

የጥገና ዋጋ በመካኒኩ ብቻ እንደማይወሰን ሊዘነጋ አይገባም። መለዋወጫ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። የሱዳን መንግሥት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የአንዱን ዶላር ይፋ ምንዛሪ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ከፍ አድርጎታል። በእኛም አገር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ደመወዙ በአገር ገንዘብ የሆነ ቤተሰብ እንግዲህ ዛሬ የሚችለውን ጥገና ለነገ ማሳደር አይገባውም።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023 የፈነዳው ጦርነት ደግሞ ለካርቱም ባለመኪና ሌላ ፈተና ጨመረበት። ብዙ አውቶሞቢሎች ተዘረፉ፤ ሌሎችም ባለቤቶቻቸው ሲሰደዱ በየግቢው ቆመው ቀሩ። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ደግሞ ያረፈ መኪና አይደለም። ቤንዚኑ ይበላሻል፤ ባትሪው ይሞታል፤ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፤ ላስቲኩም ይደርቃል። እንዲህ ያለውን መኪና ዘይቱንና ቤንዚኑን ሳይለውጡ፣ ፍሬኑንም ሳያስመረምሩ አስነሥቶ መንዳት ሕይወትንም ገንዘብንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ስለዚህ ገዢ የሆነ ሁሉ መኪናውን ሞተሩ ሳይሞቅ ይመልከተው። የራዲያተሩን ክዳን ይክፈትና ውኃው ዝገት ወይም ዘይት እንዳለበት ያረጋግጥ። የሞተር ዘይት መሙያ ክዳኑ ውስጥ እንደ ወተት የነጣ ቅባት ካገኘ፣ ውኃ ከዘይት ጋር ሳይደባለቅ አልቀረምና ይጠንቀቅ። ሞተሩ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ ነጭ ጢስ ካላቋረጠ ጋስኬቱን ይጠርጥር። በጎማው ጎን የተጻፉትን አራት ቁጥሮችም ያንብብ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። በመጨረሻም የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር። ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይለፈው፤ የተዘረፈ ንብረት የገዛ ሰው መኪናውንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላልና።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት ባልና ሚስት አብረው ሊመክሩበት ይገባል። የቤቱን ወጪ በየወሩ የሚያብቃቁት እመቤት የማያውቁት ግዢ፣ የልጆችን የትምህርት ቤት ገንዘብ ለመካኒክ የሚያስከፍል ይሆናል። ከተዘጋጀው ገንዘብ ቢያንስ አምስተኛውን እጅ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና አስቀምጦ በቀረው ብቻ መግዛት ብልህነት ነው። በዚህ መጠን የሚገኘው መኪና ያነሰና ያረጀ ቢሆን እንኳ፣ ጠዋት ተነሥቶ ቤተሰቡን በሰላም አድርሶ የሚመልስ ከሆነ ከጌጠኛውና ጋራዥ ውስጥ ከሚውለው ይበልጣል።