ጥቁሩ መስኮት ቀለሙን ከየት ያመጣል?

ኮምፒውተራችሁ ላይ ያንን ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ዊንዶውስ ላይ «ኮማንድ ፕሮምፕት»፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ደግሞ «ተርሚናል» የሚባለውን ማለቴ ነው። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው፣ ጽሑፍ ብቻ። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያየው እዚህ መስኮት ላይ ነው። እኔም እስከ ዛሬ ለመመረቂያ ጥናቴ የማስኬዳቸውን ስሌቶች የምከታተለው በእሱ ነው። ታዲያ አንዳንድ ፕሮግራሞች እዚያው መስኮት ላይ ስህተቱን በቀይ፣ የተሳካውን በአረንጓዴ ያወጡታል። የእናንተ ፕሮግራም ግን ሁሉንም በአንድ ዓይነት ነጭ ይደረድራል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የተለየ ሶፍትዌር ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ነገሩ ከምታስቡት በላይ ቀላል፣ ከምታስቡትም በላይ የቆየ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ፕሮግራማችሁ ስክሪኑን አይቀባም። የሚያደርገው ፊደሎችን አንድ በአንድ አሰልፎ ወደ ተርሚናሉ መላክ ብቻ ነው። ተርሚናሉ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ የሚደርሰውን እየተቀበለ ስክሪን ላይ ይስለዋል። ፊደሎቹ የሚያልፉበት መንገድ አንድ ነው፤ ለቀለም ተብሎ የተዘረጋ ሌላ መስመር የለም። ስለዚህ «ከዚህ በኋላ በቀይ ጻፍ» የሚለው ትእዛዝም እዚያው በፊደሎቹ መሀል ተሰልፎ መምጣት አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ የቃል ጽሕፈት ስትጽፉ አስቡት። መምህሯ እያነበበች መጨረሻው ላይ «አራት ነጥብ» ስትል፣ «አራት ነጥብ» ብላችሁ በቃላት አትጽፉም፤ ። ታደርጋላችሁ። ትእዛዝ መሆኑን በምን አወቃችሁ? በድምፅዋ፣ በልማድ፣ በአረፍተ ነገሩ አካሄድ። ኮምፒውተር ይህ ሁሉ የለውም። የሚደርሰው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ «አሁን የምልህን አትጻፈው፣ አድርገው» የሚል አንድ ምልክት ያስፈልገዋል።

ያ ምልክት ኢስኬፕ ይባላል። አዎ፣ ኪቦርዳችሁ ላይ በግራ በኩል ከላይ ጥግ ላይ ያለው ቁልፍ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። በኮምፒውተር ፊደላት ሰንጠረዥ፣ በአስኪ ማለት ነው፣ ቁጥሩ 27 ነው። ኢስኬፕ በሰንጠረዡ ውስጥ እንዲገባ ከታገሉት አንዱ የአይቢኤሙ ቦብ ቢመር ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፦ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አዲስ ፊደል ከመፍጠር ይልቅ፣ «ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ትርጉም አለው» የሚል አንድ ፊደል ብቻ ማስቀመጥ። በዚህች አንዲት በር ስንት ሺህ ትእዛዝ ይገባል!

እስቲ እንሞክረው። በፓይተን ይህን ጻፉ፦

ፕሪንት("\033[31ኤምሰላም\033[0ኤም")

እዚህ ላይ «ፕሪንት» እና «ኤም» ያልኩትን እናንተ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ተኩት። ኤም አንዲት ፊደል ብቻ ናት። «ሰላም» በቀይ ይወጣል። በመጀመሪያ ያለው \033 ማለት ኢስኬፕ ነው። 33 መባሉ አያደናግራችሁ፤ የተጻፈው በስምንት ቤት አቆጣጠር ስለሆነ 3 ጊዜ 8 ሲደመር 3፣ ያው 27 ነው። ቅንፏ «ትእዛዙ ጀመረ» ትላለች። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል የትእዛዙን ዓይነት ትናገራለች፤ ኤም ከሆነች ስለ ጽሑፍ መልክ ነው። መሀል ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ምን ዓይነት መልክ እንደሚፈለግ ይገልጻል። 1 ደመቅ ያለ፣ 4 ከሥሩ የተሰመረበት፣ 7 የፊደሉና የጀርባው ቀለም የተገለበጠ። ከ30 እስከ 37 የፊደሉ ቀለም፣ ከ40 እስከ 47 የጀርባው ቀለም ነው። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ከፈለጋችሁ በእንግሊዝኛው ነጠላ ሰረዝና ነጥብ (;) ትለያላችሁ፦ 1;31 ብትሉ ደማቅ ቀይ።

ቀለሞቹ ግን ለምን በዚያ ቅደም ተከተል መጡ? 0 ጥቁር፣ 1 ቀይ፣ 2 አረንጓዴ፣ 3 ቢጫ፣ 4 ሰማያዊ፣ 5 ማጀንታ፣ 6 ሲያን፣ 7 ነጭ። በቃል መሸምደድ አያስፈልግም። ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው ሦስት ብርሃኖችን በመደባለቅ ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ለቀይ 1፣ ለአረንጓዴ 2፣ ለሰማያዊ 4 ስጡና ደምሩ። 3 ማለት 1 እና 2 ነው፤ ቀይ ብርሃንና አረንጓዴ ብርሃን ሲገናኙ ቢጫ ይሆናሉ። ሦስቱም ሲበሩ 7፣ ነጭ። ሦስቱም ሲጠፉ 0፣ ጥቁር። (በቀለም እርሳስ ቀይና አረንጓዴ ብትደባልቁ ቢጫ አታገኙም፤ እርሳስ ብርሃን ይቀንሳል፣ ስክሪን ግን ብርሃን ይጨምራል።)

አሁን ከላይ ከጻፍነው መስመር መጨረሻ ላይ ያለውን \033[0ኤም አጥፉትና ደግማችሁ አስኪዱት። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ቀይ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል፤ በአንዳንድ ተርሚናል ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ራሳችሁ የምትጽፉት ትእዛዝ ጭምር። የብራና መጻሕፍትን አይታችሁ ከሆነ፣ ጸሐፊው ዋናውን ጽሑፍ በጥቁር፣ የቅዱሳንን ስምና ርዕሱን በቀይ ቀለም ይጽፋል። ቀዩን ብዕር አንዴ ካነሣ እስኪያስቀምጠው ድረስ የሚጽፈው ሁሉ ቀይ ነው። ተርሚናሉም እንደዚያው ነው። 31 ማለት «ይህን ቃል ቀይ አድርግ» ማለት አይደለም፤ «ቀዩን ብዕር አንሣ» ማለት ነው። 0 ደግሞ «ሁሉንም አስቀምጥና ወደ መጀመሪያው ተመለስ» ነው። እኔ ከቀለም ኮዶች ሁሉ በጣም አስፈላጊው የቱ ነው ብባል ያለ ማመንታት 0 እላለሁ።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተርሚናል ማለት መስኮት ሳይሆን ዕቃ ነበር፤ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው፣ በገመድ ከትልቅ ኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ከባድ ሣጥን። እያንዳንዱ አምራች የራሱን ትእዛዝ ስለሚያወጣ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ሌላው ላይ ይበላሽ ነበር። በ1976 የአውሮፓ የኮምፒውተር አምራቾች ማኅበር ኢክማ-48 የሚባለውን የጋራ ደረጃ አወጣ። በ1978 ደግሞ ዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን ቪቲ100 የተባለውን ተርሚናል ይዞ መጣና ያን ዓይነቱን ትእዛዝ በዓለም አስለመደው። የሚያስቀው ነገር ቪቲ100 ራሱ ቀለም አልነበረውም፤ 31 ብትሉት ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዛሬ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ተርሚናል ግን አሁንም የዚያን ሣጥን ቋንቋ ይናገራል።

የአይቢኤም ፒሲ በ1981 ሲወጣ ሌላ መንገድ መረጠ። ስክሪኑ 80 ዓምድና 25 መስመር፣ በድምሩ 2,000 ቦታ አለው። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ባይት፦ አንዱ ለፊደሉ፣ ሌላው ለቀለሙ። እዚህ ትእዛዝ የሚባል ነገር የለም፤ ቀለሙ እያንዳንዱ ፊደል አጠገብ ተቀምጧል። ቁጥሩም ተገላቢጦሽ ነው፦ ሰማያዊ 1፣ አረንጓዴ 2፣ ቀይ 4። የዊንዶውስ ኮንሶልም ይህንኑ ወረሰ። በዊንዶውስ የቆየው ዘዴ 4 ቀይ ሆኖ በኢስኬፕ ኮድ 4 ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሁለት ቦታ ኮድ ገልብጣችሁ ቀለሙ ከተምታታባችሁ እዚህ ጋ ፈልጉ። የቆየው የዊንዶውስ መስኮት ኢስኬፕን ስለማያውቅ ደግሞ ከቀይ ጽሑፍ ይልቅ ←[31ኤም የሚል ያሳያችሁ ነበር። ዊንዶውስ 10 ላይ ይህ ተቀየረ፤ አዲሱ የዊንዶውስ ተርሚናል ያለ ምንም ዝግጅት ይቀበለዋል።

እሺ፣ ባንዲራ እንሥራ። በጀርባ ቀለም 42፣ 43፣ 41 ተጠቅማችሁ ሦስት መስመር ባዶ ቦታ አትሙ፤ እያንዳንዱን መስመር በ0 ዝጉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይወጣል። ወይም... ቢጫው ቡናማ ይሆንባችኋል! ተርሚናሉ የሚደርሰው «ቁጥር 3» የሚል ብቻ ስለሆነ፣ የትኛው ቢጫ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። አይቢኤም ባለ ቀለም ስክሪኑን ሲሠራ ደብዛዛው ቢጫ ደስ ስላላለው አረንጓዴውን በግማሽ ቀንሶ ቡናማ አደረገው። የሊኑክስ ጥቁር ኮንሶል እስከ ዛሬ ያንኑ ቀለም ይዞ ቀርቷል፦ ቀይ 170፣ አረንጓዴ 85፣ ሰማያዊ 0።

ትክክለኛ ቢጫ ከፈለጋችሁ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው 256 ቀለም ያለው ዝርዝር ነው፦ 48;5; ብላችሁ ቁጥሩን ታስከትላላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 16 የድሮዎቹ ናቸው፤ ቀጥሎ 216 ድብልቆች አሉ፤ የቀሩት 24 ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄዱ ግራጫዎች ናቸው። ከድብልቆቹ አንዱን ለማግኘት ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 5 መጠን ምረጡ። ከዚያ ቀዩን በ36፣ አረንጓዴውን በ6 አባዙ፤ ሰማያዊውን እንዳለ ውሰዱ፤ ሁሉንም ደምራችሁ 16 ጨምሩ። ቢጫ ቀይ 5፣ አረንጓዴ 5 ነውና 180 ሲደመር 30 ሲደመር 16፣ 226 ይሆናል። ሁለተኛው መውጫ 48;2; ብሎ ሦስቱን መጠን ከ0 እስከ 255 በቀጥታ መስጠት ነው። ለፊደሉ ከሆነ 48ቱን በ38 ለውጡ።

እስካሁን ያወራነው ስለ አሠራሩ ነው። ቀለምን መቼ መጠቀም እንዳለባችሁ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ከአሠራሩ ይከብዳል።

ላብራቶሪያችን ውስጥ የምድጃ ሙቀት የሚከታተል ፕሮግራም አለ፤ ከእኛ በፊት ከነበሩ ተማሪዎች የተረከብነው ነው። ሙቀቱ ደህና ሲሆን ቁጥሩን በአረንጓዴ፣ ከገደቡ ሲያልፍ በቀይ ያትማል። ከቁጥሩ ውጪ ሌላ ቃል የለም። አንድ ጓደኛችን የሌሊት ተራው ሲደርስ «ለእኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው» አለን። ሌሊቱን ሙሉ እያንዳንዱን ቁጥር ወረቀት ላይ ከጻፈው ገደብ ጋር ሲያስተያይ አደረ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያስቸግራቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ውስጥ ከ12 አንዱ አካባቢ እንደዚያ ነው፤ በሴቶች ላይ ግን በጣም ያነሰ ነው። ፕሮግራሙን አስተካከልነው፦ ቀዩ መስመር አሁን ፊት ለፊቱ «አደጋ» የሚል ቃል አለው፣ በኮድ 7 ደግሞ ጀርባው ይገለበጣል። ቀለሙን አላጠፋነውም። ቀለሙ ቢጠፋ ግን መልእክቱ አይጠፋም።

ሌላው ነገር፣ የፕሮግራማችሁን ውጤት ወደ ፋይል ስታስገቡ ኮዶቹ አብረው ይገባሉ፤ ፋይሉን ስትከፍቱ በ[31 እና በ[0 ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ጎበዝ ፕሮግራም መጀመሪያ «የምጽፈው ተርሚናል ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ፓይተን ውስጥ የዚህ ጥያቄ ስም ኢዝኤቲቲዋይ ነው፤ «ቲቲዋይ» የቴሌታይፕ፣ ማለትም የድሮው በወረቀት ላይ የሚያትም ማሽን፣ ምሕጻረ ቃል ነው። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ቀለሙን ተዉት።

ከማታውቁት ሰው የመጣ ጽሑፍም እንዳለ አታትሙ። ኢስኬፕ ከቀለም ሌላ ብዙ ሥልጣን አለው፦ ጠቋሚውን ወደ ላይኛው መስመር ይመልሳል፣ መስመር ይደመስሳል፣ ስክሪኑን በሙሉ ያጸዳል። ተንኮለኛ ሰው ስሙን ጻፍ ሲባል እነዚህን ኮዶች ቢያስገባ፣ ከላይ የታተመው ማስጠንቀቂያ ከዓይናችሁ ሊጠፋ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከመታተሙ በፊት ቁጥር 27ን ከጽሑፉ ውስጥ አውጡት።

በመጨረሻ በአማርኛ ሠንጠረዥ ለምታትሙ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፤ ግን እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ 9 ባይት ናት። የቀዩ ኮድ 5፣ የመዝጊያው 4 ባይት ሲጨመር 18 ይሆናል። ፓይተንን ርዝመቷን ብትጠይቁት ደግሞ 12 ይላችኋል፤ እሱ የሚቆጥረው ባይት ሳይሆን ፊደል ነው፣ ኮዶቹንም ጨምሮ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ «10 ፊደል እስኪሞላ ባዶ ቦታ ጨምር» ስትሉት «ሞልቷል» ብሎ ምንም አይጨምርም፤ ዓምዶቹም ይዛነፋሉ። መጀመሪያ ባዶ ቦታውን ሙሉ፣ ከዚያ ቀለሙን አልብሱ።