ባሕር፣ ፓተንትና ቤተ ሙከራ

ከየትኛውም አገር የግዛት ሥልጣን ውጭ ያለውን ባሕር የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ከጃንዋሪ 17 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ብዙ የተወራለት በባሕር ላይ ስለሚከለሉት ጥብቅ ሥፍራዎች ነው፤ ተደራዳሪዎቹን ክፉኛ ያከራከራቸው ግን የዘረ-መል ሀብት ጉዳይ ነበር። ከእንግዲህ ከዚያ ባሕር ናሙና የሚወስድ ተመራማሪ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ናሙናውም መለያ ይሰጠዋል። መለያው ናሙናውን እስከ ፓተንቱ ድረስ ለመከታተል ይረዳል።

በክርክሩ ሁሉ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። በ2018 ‹‹ሳይንስ አድቫንስስ›› ላይ የወጣው ይህ ጥናት ከ862 የባሕር ዝርያዎች የተገኙ 12,998 የዘረ-መል ቅደም ተከተሎች በፓተንት ሰነዶች መስፈራቸውን አሳየ፤ 47 በመቶው የጀርመኑ ኩባንያ የቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. ነው። ‹‹የውቅያኖስን ግማሽ አንድ ኩባንያ ያዘው›› የሚለው አባባል ከዚህ መጣ። እኔ ይህን አነባበብ አልቀበለውም። ማመልከቻ ለማነጻጸሪያ ብሎ በሺህ የሚቆጠር ቅደም ተከተል ሊዘረዝር ይችላል፤ የተዘረዘረ ሁሉ መብት የተጠየቀበት አይደለም። ይልቅ የሚያሳስበው የዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር ነው፦ 98 በመቶው በአሥር አገሮች ባሉ ተቋማት እጅ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ከባልዶሜሮ ኦሊቬራ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ፊሊፒናዊው ሳይንቲስት ከአሜሪካ አገሩ ሲመለስ የለመደውን የዲ.ኤን.ኤ. ምርምር የሚሠራበት መሣሪያ አጣ፤ ስለዚህ በአገሩ ባሕር እንደ ልብ ወደሚገኘው መርዘኛ ቀንድ አውጣ ዞረ። ምርምሩ የጎለመሰው ግን ዩታ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። እዚያ ከተለየው መርዝ የተቀዳው ዚኮኖታይድ የተባለ የሕመም ማስታገሻ በአሜሪካ ኩባንያ ጎልብቶ በ2004 ፈቃድ አገኘ። ቀንድ አውጣው ፊሊፒንስ ነበር፤ ቤተ ሙከራው አልነበረም።

ከባሕር የተገኙ ሌሎች መድኃኒቶች፣ ከካሪቢያን ስፖንጅ የተነሣው ሳይታራቢንም የስፔኑ ፋርማማር ትራቤክቴዲንም፣ የወጡት እንዲሁ ቤተ ሙከራና ገንዘብ ካላቸው አገሮች ነው።

ዛሬ ደግሞ ናሙናው ራሱ ላያስፈልግ ይችላል። ቅደም ተከተሉ በሕዝብ የመረጃ ቋት ከተጫነ ማንም አውርዶ ይሠራበታል። በፌብሩዋሪ 2025 የተከፈተው የካሊ ፈንድ እንዲህ ካለው መረጃ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠይቃል፤ አያስገድድም። በሜይ 2024 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የአእምሯዊ ንብረት ስምምነትም የፓተንት አመልካች የዘረ-መሉን ምንጭ እንዲገልጽ ያዛል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ሽሮታል፤ እስከዚያ ግን መብቱ በሰው እጅ ቆየ። በባሕሩም ቢሆን እንደ እኛ ያለች ወደብ አልባ አገር በዓለም አቀፉ ባሕር ላይ መብት አላት። የአዲሱ የባሕር ስምምነት አባል አገሮች የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን ስምምነቱ በሥራ ላይ ከዋለ በአንድ ዓመት ውስጥ ማካሄድ አለባቸው፤ አፍሪካውያን ተደራዳሪዎች እዚያ ከገንዘብ ድርሻው በፊት በምርምር መርከቦቹ ላይ ቦታ፣ ለወጣት ተመራማሪዎቻቸውም ሥልጠናና መሣሪያ ቢጠይቁ እመርጣለሁ።