የጉበት ምስክር በነፍሰ ጡር ደም

ነፍሰ ጡር ሴት ከቀኝ ጎድኗ በታች ሲያማት «ጨጓራ ነው» ተብሎ ተልባ ይበጠበጥላታል፤ ፊቷና እጇ ሲያብጥም «ስትወልድ ይጠፋል» ይባላል። ይህ አነጋገር አንዳንድ ጊዜ እውነት ቢሆንም፣ አንዳንድ ጊዜ ሞትን ያዘለ መሆኑን ለቤተ ሰብ ሁሉ ማስገንዘብ እንወዳለን።

ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140 በ90 ደርሶ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ሐኪሞች ሕመሙን ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል። መነሻው ከእንግዴ ልጅ ሲሆን የእናቲቱን የደም ሥሮች ይጎዳል። ጉዳቱ ጉበትን የነካ እንደ ሆነ ምስክሩ ከደም ይገኛል። ኤንዛይም በሕዋስ ውስጥ ሆኖ የሰውነትን ሥራ የሚያፋጥን ረቂቅ ነገር ነውና፣ የጉበት ሕዋስ ሲቆስል ኤ ኤስ ቲ እና ኤ ኤል ቲ የተባሉት ኤንዛይሞች ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ ቀይ የደም ሕዋስ ሲፈርስም ኤል ዲ ኤች ይበዛል። የጉበቱ ኤንዛይሞች ከመደበኛው መጠን እጥፍ ሲሆኑ፣ ኤል ዲ ኤች 600 ሲደርስ፣ ደምን የሚያረጉት ፕላትሌቶችም ከ100,000 ሲያንሱ፣ ሕመሙ ሄልፕ ይባላል። ስሙን በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ሉዊስ ዋይንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኤንዛይም ግን ከእንግዴ ልጅም ስለሚመነጭ በጤናማ እርግዝና ይጨምራል፤ ብቻውን ከፍ ቢል አያስደነግጥም።

ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት እናቲቱን ከሚጥል መንቀጥቀጥ ይጠብቃል፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመውና 10,000 ያህል ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት አደጋውን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሕመሙ ሥር የሚነቀለው ግን በመውለድ ነው፤ ከወሊድ በኋላም ለጥቂት ቀናት ሊነሣ ይችላልና ጥበቃው አይቋረጥ።

እንግዲህ በአዊ፣ በጥርባና በአካባቢው የምትኖሩ ቤተ ሰቦች ሆይ፣ ግፊትንና ሽንትን በየክትትሉ አስመርምሩ። ኤንዛይምን ለመለካት መሣሪያ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ያስፈልግ ይሆናልና፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የጎድን ሥር ሕመም ሲታይ «ነገ ይሻላታል» ብሎ ማሳደር አይገባም። የሚጥላትን ሴት ልክፍት ነው በማለት ከሐኪም ማስቀረትም አይገባም፤ ጸበል መጠመቅና መታከም አይጣሉም፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። ባል መጓጓዣውን፣ ጎረቤት ገንዘቡን አስቀድመው ያሰናዱ፤ ምስክሩ በጊዜ የተሰማ እንደ ሆነ እናትም ልጅም ይተርፋሉና።