ከገመዱ ማዶ ያለ ገበቴ፦ በእጅ የሚሠሩ የጊታር አምፕሊፋየሮችና የስፒከር ሣጥኖች

ክራር ከገበቴው ቢለይ የሚቀረው አውታር ብቻ ነው። ማሲንቆም ቆዳ የለበሰ ሣጥኑን ካጣ ጭራ ከጭራ ማፋተግ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ገበቴውን ከራሱ አርቆ ከገመዱ ማዶ ያስቀመጠ መሣሪያ ነው። የብዙዎቹ አካል ድፍን እንጨት ስለሆነ ሳይሰኩ ቢመቱት ከአጠገብ ከተቀመጠ ሰው በቀር የሚሰማው አይኖርም። ድምፁን የሚሰጡት አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ የተገጠመበት ሣጥን ናቸው። እንግዲህ አምፕሊፋየር በቤቱ የሚሠራ ሰው የሚያበጀው መለዋወጫ ሳይሆን የመሣሪያውን ግማሽ ነው።

ይህ ሥራ ከፋብሪካዎች በኋላ የመጣ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። ታሪኩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በተባለች ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሙዚቀኞች የተበላሸ አምፕሊፋየራቸውን ይዘውለት ሲመጡ የትኛው ክፍል ቶሎ እንደሚቃጠል፣ የትኛው ማያያዣ መንገድ ላይ እንደሚላቀቅ እየከፈተ ተማረ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የራሱን መሥራት ሲጀምር የጠጋኝነት ዓይኑን አልጣለም። በ1950ዎቹ አምፕሊፋየሮቹ ውስጥ ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰድረው ይታያሉ፤ አንዱን ነቅሎ ሌላ ለመበየድ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ዛሬም ጀማሪዎች የፌንደርን የቆዩ ንድፎች የሚመርጡት በዝናቸው ብቻ አይመስለኝም። ለሰው እጅ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

ለንደን ውስጥ ሀንዌል በተባለ ሰፈር የከበሮ አስተማሪው ጂም ማርሻል የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። ደንበኞቹ የአሜሪካውን አምፕሊፋየር ይፈልጋሉ፤ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ግን ውድ ነው። በ1962 ማርሻል ከጠጋኙ ከኬን ብራንና ከወጣቱ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ከደድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ የፌንደርን ቤዝማን ሰርኪት መነሻ አደረገና ጄቲኤም45 የተባለውን ሠራ። ሰርኪቱ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ሆነ። አንዱ ምክንያት እንግሊዝ አገር የሚገኙት ቫልቮችና ትራንስፎርመሮች የተለዩ መሆናቸው ነው። ሌላው ሣጥኑ ነው፤ ቤዝማን ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን 4 ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ሲይዝ፣ ማርሻል 4 ባለ 12 ኢንች ስፒከሮችን ጀርባው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አሰረ። የሮክ ሙዚቃ ድምፅ ከዚያ ሣጥን ብዙ ተበድሯል።

ብልሽትም አስተምሯል። በ1951 የአይክ ተርነር ባንድ ወደ ሜምፊስ ሲጓዝ አንድ አምፕሊፋየር መንገድ ላይ ተጎዳ። የስፒከሩን ክፍተት በወረቀት ጠቅጥቀው ቀዱበት፤ የሻከረው ድምፅ «ሮኬት 88» በተባለው ሙዚቃ ላይ ቀርቷል። በ1964 ደግሞ የኪንክስ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር ሆን ብሎ በምላጭ ተለተለው።

ከሁሉ የምወደው ግን የጆን ዲከን ሥራ ነው። የኩዊን ባንድ ቤዝ ተጫዋች ዲከን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ከመንገድ ዳር የቆሻሻ ገንዳ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አነሣ። በመደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ የቤት ስፒከር ሣጥን ውስጥ ገጠመውና በባለ 9 ቮልት ባትሪ አስነሣው። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ እንኳ የለውም። የባንዱ ጊታሪስት ብሪያን ሜይ ግን ከአባቱ ጋር ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት የሠራውን ጊታር ሰክቶበት፣ በኩዊን አልበሞች ላይ የቫዮሊንና የጡሩምባ ጓድ የሚመስሉ ተደራራቢ ዜማዎችን ቀዳ።

አሁን ወደ አሠራሩ። ከጊታር የሚወጣው ምልክት ብዙ ጊዜ ከ1 ቮልት በታች ነው። በቫልቭ ውስጥ የጋለ ብረት ኤሌክትሮን ይለቃል፤ መሐል ላይ ያለች የሽቦ ወንፊት በዚያ ደካማ ምልክት እየታዘዘች፣ የመስኖ ውኃ እንደሚቆጣጠር በር፣ ትልቁን ፍሰት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ፌንደር ቻምፕ የተባለው ትንሹ አምፕሊፋየር በ5ኤፍ1 ንድፉ 3 ቫልቮች ብቻ አሉት፦ ምልክቱን የሚያሳድገው 12ኤኤክስ7፣ ጉልበት የሚሰጠው 6ቪ6 እና ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ የሚያደርገው 5ዋይ3። ኃይሉ 5 ዋት ገደማ ነው። ለመኝታ ቤት ይበዛል፣ ከከበሮ ጋር ለመጫወት ያንሳል። ለመጀመሪያ የቫልቭ ሥራ ግን ከእርሱ የተሻለ አላውቅም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ክፍል ለምን እዚያ እንደተቀመጠ መረዳት ይቻላል። ቫልቮቹም ዛሬ ድረስ በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ይመረታሉ።

ከዚህ የቀለለ መነሻ የሚሻ ኤልኤም386 የተባለችውን ባለ 8 እግር ቺፕ ይያዝ። በ9 ቮልት ባትሪ ትሠራለች፣ ከ1 ዋት በታች ትሰጣለች፣ ሰው አትገድልም።

የመጨረሻዋን ቃል ያለ ምክንያት አላነሣኋትም። በቻምፕ ውስጥ እንኳ ከ300 ቮልት በላይ አለ፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደግሞ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ያንን ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከመንካታቸው በፊት ካፓሲተሩን በሬዚስተር በኩል ያራግፋሉ፣ ከዚያ ባዶ መሆኑን በቴስተር ይለካሉ። በርቶ መለካት ግድ ሲሆን አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ያደርጋሉ፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። ኧርዝ ሽቦው ከብረት ገላው ጋር በጥብቅ መታሰር አለበት፤ «ይጮኻል» ብሎ እርሱን የሚቆርጥ ሰው በጊታሪስቱ ሕይወት ይጫወታል። አዲስ ሥራ መጀመሪያ ሲበራ ደግሞ ባለ ክር የድሮ አምፖል ከመስመሩ ጋር በተከታታይ ይገናኛል። ውስጥ ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ አምፕሊፋየሩ ግን ይተርፋል። ቫልቭ አምፕሊፋየርን ያለ ስፒከር ማብራትም ክልክል ነው፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ከአሜሪካ ዘመድ ዕቃ የሚልክለት ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልትና 60 ሄርትዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ። የመገጣጠሚያ ዕቃው ሲታዘዝ ኃይል ሰጪው ትራንስፎርመር ለ220 ወይም ለ240 ቮልት መግቢያ ያለው ይሁን። ለ60 ሄርትዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ላይ፣ ቮልቱ ቢስተካከልለትም፣ ይበልጥ ይሞቃል።

ሣጥኑን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሰፊ ቦታ ስለሚገባው ነው። ስፒከር ወደፊት አየር ሲገፋ በጀርባው ይስባል። ሁለቱ ሞገዶች ከተገናኙ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሣጥን የሌለውን ስፒከር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መስማት ነው፤ ቀጭን፣ የተራበ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ 28 ሴንቲሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው ሰፊ ኮምፔንሳቶ ላይ ባለ 12 ኢንቹን ማሰር። ገና ሣጥን ሳይሆን፣ ሳንቃው ብቻ ድምፁን ያወፍረዋል።

ፌንደር በ1950ዎቹ ሣጥኖቹን ከጥድ ጣውላ፣ ማዕዘናቸውን እንደ ጣት እያጠላለፈ ይሠራ ነበር። ጥድ ቀላል ነው፣ ራሱም ትንሽ ይርገበገባል። 18 ሚሊሜትር የበርች ኮምፔንሳቶ ከባድ ነው፣ ድምፁን ሳይነካ ወደፊት ይለቀዋል። ቺፕውድ ርካሽ ቢሆንም ማዕዘኑ ይፈረፈራል፣ ቪቴም አይዝም፤ ለሚጓዝ ሣጥን አልመክረውም። ኮላው በደንብ ካልያዘ ደግሞ የትኛውም እንጨት ይንጫጫል።

የስፒከሩ ምርጫ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይወስናል። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ሄርትዝ ገደማ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ እየጣለ ይሄዳል፤ የሻከረ ጊታር በቴፕ ስፒከር ሲሰማ ጆሮ የሚወጋውም ያንን የሚጥልለት ስለሌለ ነው። በተመሳሳይ ኃይል 3 ዴሲቤል አብልጦ የሚጮኽ ስፒከር መግዛት የአምፕሊፋየሩን ዋት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ቢገናኙ 4 ኦም፣ በተከታታይ ቢገናኙ 16 ኦም ይሆናሉ፤ አምፕሊፋየሩ ከሚጠይቀው ጋር መመሳሰል አለበት።

የጀርባው ጉዳይ ይቀራል። ክፍት ጀርባ ድምፁን በክፍሉ ይበትነዋል፣ ዙሪያውን ይሰማል። ዝግ ጀርባ ወደፊት ይወረውረዋል፣ ወፍራሙን ያጠብቃል። የጀርባውን ሳንቃ በሦስት ቁራጭ ቆርጦ በቪቴ ማሰር ይበጃል። መካከለኛውን ፈትቶ አንድ ምሽት መጫወት፣ በማግስቱ መልሶ አስሮ ያንኑ ዜማ መድገም፣ ሌላ ሰው እንዲመታው አድርጎ ከክፍሉ ጥግ ማዳመጥ ነው።