ከፍ ያለች ፒክ አፕ፣ ያጠረ አሞርዛተር

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ደብረ ወርቅ የሚደርስ የእህል ነጋዴ፣ መኪና ሲገዛ አስቀድሞ ቁመቷን ቢያይ አያስገርምም። ዋናውን መንገድ ለቅቆ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲታጠፍ የሚጠብቀው ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ጎማ ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ የጎማው ዱካ ደርቆ እንደ ቦይ ይቀራል። ጤፉ ያለውም እዚያው ነው። ስለዚህ ከፍ የተደረገች ፒክ አፕ ፈላጊዋ ብዙ ነው፤ ደላላም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ገዢው ሊጠይቀው የሚገባ፣ ብዙውን ጊዜ ግን የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። መኪናዋ ስትረዝም የኋላ አሞርዛተሯ አብሮ ረዝሟል ወይ?

ጥያቄው ከጋራዥ አልፎ ኪስ ውስጥ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ይፋ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር በመሆኑ የተሳሳተ ጥገና ኪሳራም አብሮ አድጓል።

ሸክሙ የማን ነው?

ብዙ ሰው አሞርዛተር ጭነት የሚሸከም ይመስለዋል። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። የአሞርዛተር ሥራ ባሌስትራው ሲታጠፍና ሲዘረጋ ዘሎ እንዳይቀጥል መግታት፣ ጎማው ከመሬት እንዳይለቅ መያዝ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የንዝረቱ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ፒክ አፕን ከኋላ ለማስረዘም ቀላሉ መንገድ ተጨማሪ ባሌስትራ መደረብ፣ ወይም በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ታኮ ማስገባት ነው። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ መኪናዋም ታምራለች። አሮጌው አሞርዛተር ግን እዚያው ይቀራል።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ አንድ አሞርዛተር ሲዘጋ 35፣ ሲዘረጋ 55 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። መኪናዋ ባዶዋን ስትቆም ርዝመቱ 47 ከሆነ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ለመውረድ 8 ሳንቲ ሜትር አለው። የ5 ሳንቲ ሜትር ታኮ ሲገባ የቆመበት ርዝመት ወደ 52 ይሄዳል። የቀረው 3 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አክስሉን አንጠልጥሎ የሚያቆመው አሞርዛተሩ ይሆናል። ዘይቱ ይፈሳል፤ የታሰረበት ብረትም ይቀደዳል።

ረጅም መግዛት ብቻውን አይበቃም

መፍትሔው ረጅም አሞርዛተር ነው ብሎ መሮጥም ሌላ ኪሳራ አለው። ሲዘጋ 40፣ ሲዘረጋ 60 የሆነ ተገዛ እንበል። ወደ ታች 8 ሳንቲ ሜትር ተገኘ። ነገር ግን አክስሉን ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚያቆመው ጎማ በፊት ባለበት ከቀረ፣ በጭነት ጊዜ አክስሉ አሞርዛተሩን እስከ 37 ሊጫነው ይችላል። ከ40 በታች ደግሞ የለም። ጤፍ የጫነች መኪና በአንድ ትልቅ ጉድጓድ አዲሱን አሞርዛተር ትሰብረዋለች። ማቆሚያው ጎማ በ5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢደረግ አክስሉ 42 ላይ ይቆማል፤ አሞርዛተሩም ይድናል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይገባል። የአሞርዛተሩ የታች ቡሎን ተፈትቶ፣ ሻንሲው በክሪክ ተነስቶና በጽኑ ድጋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሲወርድ በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ይህ ረጅሙ ነው። አክስሉ ማቆሚያውን ጎማ ሲነካ ያለው ደግሞ አጭሩ ነው። የሚገዛው አሞርዛተር ከረጅሙ ልኬት በላይ የሚዘረጋ፣ ከአጭሩ በታች የሚዘጋ መሆን አለበት። ክሪክ ብቻ በያዛት መኪና ሥር ግን አይገባም። የፍሬን ቱቦውም ጎማው ሲወርድ መወጠር የለበትም።

ጥንካሬውም ይታሰብበት። ባሌስትራ ሲደረብ ተመልሶ የሚዘረጋበት ኃይል ስለሚጨምር ለስላሳ አሞርዛተር አይገታውም። በጣም ጠንካራው ደግሞ ባዶ መኪናን ያንዘፈዝፋል። ጭኖ ሄዶ ባዶውን የሚመለስ ነጋዴ መካከለኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ጥንካሬው የሚስተካከል ከሆነ ከለስላሳው ጀምሮ፣ በለመደው መንገድና በለመደው ጭነት ደረጃ በደረጃ ማጥበቅ ነው። ሁልጊዜም የሚቀየረው በጥንድ ነው።

የዓባይ በረሃ ፈተና

ከደብረ ወርቅ እህል ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ዳገት ያልፋል። በብዙ የቀድሞ ሃይሉክሶች ላይ በኋላ አክስሉና በሻንሲው መካከል ያለውን ርቀት እያየ የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ አለ። መኪናዋ ከፍ ስትል ይህ ቫልቭ ጭነት የሌለባት ስለሚመስለው የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ሳይስተካከል ከቀረ፣ በዓባይ ቁልቁለት ላይ የሚከፈለው ዋጋ በብር አይተመንም።

እንግዲህ ገዢ ሆይ! ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት ከመኪናዋ ሥር እይ። ታኮ ወይም አዲስ ባሌስትራ ካለ የአሞርዛተሩን ልኬት ጠይቅ። ዘይት የተቀባ አሞርዛተር ካየህ፣ ወይም የኋላውን ጥግ ተጭነህ ስትለቀው ደጋግሞ ከዘለለ፣ የጥንዱን ዋጋና የእጅ ሥራውን ከሂሳቡ ቀንስ። ሻጩ ለቁመቷ ጨምሮ ከጠየቀ፣ ያልተጨረሰውን ሥራ ማስከፈል ያንተ ተራ ነው። ዋልካ ረግጣ ለማታውቅ የከተማ መኪና ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት ግን ያው እንደተባለው ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።